«250» ካለ በኋላ

በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች የኢሜይል ሰርቨር ስንመርጥ ቀድመን የምንጠይቀው ፍጥነቱን ነው። እኔም ለዓመታት ይህንኑ እጠይቅ ነበር። አሁን ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ አደራ ያውቃል ወይ?

ሰርቨሮች ኢሜይል በሚለዋወጡበት በኤስኤምቲፒ ደንብ ተቀባዩ ሰርቨር ደብዳቤውን ወስዶ «250»፣ ማለትም «ተቀብያለሁ»፣ ብሎ ከመለሰ፣ ላኪው ሰርቨር የያዘውን ቅጂ ይሰርዛል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ደብዳቤው በተቀባዩ እጅ ያለ አደራ ነው፤ ወይ ያደርሰዋል፣ ወይ አልደረሰም ብሎ ለላኪው ያሳውቃል።

ይህን ያስተማረኝ መብራት ነው። በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንድ ቀን መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ባትሪው አለቀ። በማግስቱ አንዲት የግዢ ሠራተኛ መጥታ «ሰውየው ልኬያለሁ ይላል፤ የት አደረሳችሁት?» አለችኝ። የላኪው ሎግ «250» ይላል፤ እኛ ዘንድ ግን ምንም የለም። ለፍጥነት ስንል ባደረግነው ማስተካከያ ምክንያት ሰርቨራችን ደብዳቤው ዲስክ ላይ ሳያርፍ «ተቀብያለሁ» ይል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌር የምፈትነው እንዲህ ነው። ቁጥር የተሰጣቸው 10,000 ደብዳቤዎች እልክበትና መሀል ላይ ገመዱን ከሶኬት እነቅላለሁ። ሳስነሳው «250» የተባለላቸውን ከደረሱት ጋር አመሳክራለሁ። ሁለቴ የደረሰ ቢኖር እታገሣለሁ፤ አንድ ከጎደለ ግን አልቀበለውም። ሳይጽፍ ጻፍኩ የሚል ዲስክም በዚሁ ይጋለጣል።

ከኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ኤግዚም እ.ኤ.አ. በ1995 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ ለተወሳሰበ የማስተላለፊያ ደንብ የሚመች ነው። ነገር ግን የተሠራው አብዛኛው ደብዳቤ ወዲያው ይደርሳል በሚል ግምት ስለሆነ ወረፋው ሲከመር ይከብደዋል። ቪትሴ ቬኔማ በአይቢኤም ምርምር ክፍል ሳለ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1998 የተለቀቀው ፖስትፊክስ ደግሞ ሥራውን ለትናንሽ ፕሮግራሞች ያከፋፍላል፦ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ወረፋውን ይመራል፣ ሌላው ያደርሳል። ደብዳቤው ዲስክ ላይ ሳይሰፍር «250» አይልም። የሚሄድበት ሰርቨር ከተዘጋበትም፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር፣ እስከ 5 ቀን ደጋግሞ ይሞክራል። ለብዙ ሰው አገልግሎት እሱን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

አደራ የተቀበለ ሰው ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል። ፖስትፊክስ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ የወረፋ መለያ ይሰጠዋል፤ መለያው ደብዳቤው በሰርቨሩ እስካለ ድረስ በሎጉ ውስጥ ይከተለዋል። ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ «የት አደረሳችሁት?» ቢለኝ፣ ያችን መለያ ፈልጌ በስንት ሰዓት እንደገባ፣ ለየትኛው ሰርቨር እንደተሰጠና ያም ምን ብሎ እንደተቀበለው አነብለታለሁ።