ከጥቁሩ ሥር ያለው አረንጓዴ

ደም ባንክ የሄፓታይተስ ቢ ምልክት ያገኘበትን ደም ለሕመምተኛ አይሰጥም፤ ያስወግደዋል። እኛ ላቦራቶሪ የምትደርሰው ከዚያው ለጋሽ የተቀዳች ጥቂት ፕላዝማ ናት። ቫይረሱን ከውስጧ አውጥተን፣ በፒሲአር አባዝተን፣ ፊደሉን እናነባለን። ዘረመሉ አጭር ነው፤ 3200 ገደማ ፊደል። እሱንም ሙሉውን የምናነበው አልፎ አልፎ ነው፤ ሪኤጀንቱ ውድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሽፋኑን በሚሠራው ጂን እንወሰናለን።

ሰው የሚጠይቀኝ "ጂኖታይፑ፣ ማለትም የቫይረሱ ዓይነት፣ ምንድን ነው?" ብሎ ነው። መልሱ ብዙም አያደክምም። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ኤ እና ዲ ናቸው፤ ዲ10 የተባለው ንዑስ ዓይነት እንዲያውም መጀመሪያ የተገለጸው ከዚሁ አገር ናሙና ነው። ዝምድናውን የሚያሳየውን ዛፍ ኮምፒውተር ይሥለዋል።

ዓይን የሚፈልገው ከዛፉ በፊት ያለው፣ እያንዳንዱን ፊደል በራሱ ቀለም የሚያሳየው ግራፍ ነው። ጥቁሩ ጂ፣ አረንጓዴው ኤ፣ ቀዩ ቲ፣ ሰማያዊው ሲ። የሽፋኑ ፕሮቲን 145ኛ አሚኖ አሲድ ጋ ስደርስ ማውሱን ለቅቄ ወደ ስክሪኑ እጠጋለሁ። ከጥቁሩ ጫፍ ሥር ዝቅ ያለ አረንጓዴ ካለ፣ ሶፍትዌሩ ትልቁን መርጦ "ጂ" ብሎ ያልፋል። እኔ አላልፍም። እዚያ ቦታ ጂ በኤ ከተተካ ግላይሲን ለአርጂኒን ቦታውን ይለቃል፤ ቫይረሱም ከክትባት ከሚገኘው አንቲቦዲና ከአንዳንድ የምርመራ ኪቶች ሊያመልጥ ይችላል። ቫይረሱ ሲባዛ ስህተቱን የሚያርምለት የለምና፣ አንድ ሰው ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ቢኖሩ አያስገርምም።

ስለዚህ በተቃራኒው አቅጣጫ የተነበበውን ገልብጬ አወጣለሁ። አረንጓዴዋ እዚያም በቦታዋ ካለች፣ ከፕላዝማው ጀምሬ እንደገና እሠራለሁ። በአንዱ ብቻ ከታየች የማሽኑ ጫጫታ ትሆናለች። ወጣት ባልደረቦቼ ይህን ሲያዩ "ጊዜ ታባክናለህ" ይሉኛል፤ ይበሉ።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ጥንቃቄ አይፈታውም። እኛ ጋ የሚመጣው ኪቱ የያዘው ብቻ ነው። ጨርሶ ያመለጠው "ኔጌቲቭ" ተብሎ ሄዷል። ለጋሹም ቢሆን ጤነኛ ነኝ ብሎ የመጣ፣ በመጠይቅ የተጣራ ሰው ነው፤ በለጋሾች ናሙና ላይ ቆሞ "የአገሪቱ ጂኖታይፕ ይህን ያህል በመቶ ነው" የሚል ጽሑፍ ሳይ ፊቴን አጠቁራለሁ። ጥናት ሲነደፍ ከኔጌቲቮቹም በተወሰኑት ላይ የቫይረሱ ዲኤንኤ ይፈለግ እላለሁ። በጀቱ ሲከለስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይኸው መስመር ነው።