ጋሪው ያልጫነው

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ የጫነ የአህያ ጋሪ ብቅ ሲል ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት «ኢትዮጵያ ሪድስ» ያመጣው ሐሳብ ነበር። ልጁ ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሂድ። ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ በቃ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ደረጃ የለ፣ ደጃፍ የለ። ክራንች የያዘውም ልጅ ከእኩዮቹ ጎን ይቀመጣል። የሕዝብ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ ይሁን የሚለው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። አህያዋ አዋጁን ቀድማዋለች!

ታዲያ ዓይነ ስውሩ ልጅ ዛፉ ሥር ቢደርስስ ምን ይሰጠዋል? ብሬል እንዳንል፣ በአማርኛ ብሬል አንዱ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ቦታ ይይዛል፤ ለተነባቢው አንድ፣ ለአናባቢው አንድ። ወረቀቱም ወፍራም ነው። ኪስ የምትገባ ልብ ወለድ ብዙ ጥራዝ ትሆናለች። አህያዋም ታሳዝናለች።

እኛ ግን የገጠር ቤተ መጻሕፍት ስንሠራ ከደረጃው ጎን መወጣጫ ለስነን «ተደራሽ» ብለን እንፈርማለን። ሲሚንቶ ፎቶ ይነሣላ!

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረኝ። ልብ ወለዱን የሚያነብለት ጓደኛው ነው። በፈተናው ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጭራሽ እንደማያውቅ አየሁና ማርክ ቆረጥኩበት። ጠርቼ ስጠይቀው፣ «መምህር፣ እሱ ሲደክመው ይዘለዋል፤ እኔ መዘለሉን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ማርኩን መለስኩለት። ምዕራፉን ቁጭ ብዬ ላንብብልህ ማለት ግን ያኔ አልመጣልኝም።

መፍትሔው እኮ አዲስ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ዓይናማውም ዓይነ ስውሩም እኩል አንባቢ ነበር፤ የተዘለለበትም የለ። አገራችን በ2013 ዓ.ም. የተቀላቀለችው የማራካሽ ስምምነትም ለዓይነ ስውራን ሲባል መጽሐፍን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በድምፅ ማዘጋጀት እንዲቻል በር ከፍቷል። አንዲት ሜሞሪ ካርድ ብዙ መጻሕፍት ትይዛለች፤ ብሬል ለሚማሩት ደግሞ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያላት ሻሸመኔ ቅርብ ናት። በሐዋሳ ዙሪያ ገጠር ግን ትረካው በሲዳምኛ ካልሆነ ልጁ ምን ይሰማል? ደህና አድርጎ የሚያነብ መምህር ከዚያው ቀበሌ አይጠፋም፤ የሚያነብበት ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ሰዓቱ ተቆጥሮ ይከፈለው እንጂ።