ሽበቱን ቀባን፣ ዓይኑን ረሳን

ደብረ ብርሃን ላይ ለሰው ማርጀቱን የሚያረዳው መስታወት አይደለም፤ የባጃጅ ሹፌር ነው። ትናንት «ወንድሜ» ሲል የነበረው ልጅ አንድ ቀን «ጋሼ» ይላል። ይሄ ምንም አይደል፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ «ፋዘር» ይመጣል። «አባባ፣ ቀስ ብለው ይግቡ» የተባሉ ዕለት ግን ነገሩ አልቋል፤ ይግባኝ የለውም።

እኔ አሁን «ፋዘር» ላይ ነኝ። ባለፈው ጸጉሬን ልስተካከል ገብቼ ልጁ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ ካገላበጠ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፋዘር፣ ትንሽ ጥቁር ጣል ላርግልዎት?» አለኝ። እምቢ ብዬ ወጣሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ግን አላልኩም፤ ተቀብቼ ወጣሁ። ባለቤቴ አየችኝና ምንም ሳትል ሻይ ቀዳችልኝ። ዝምታዋ ከስድብ ይከብድ ነበር።

ይህን መናገሬ ጸጉሩን የሚቀባውን ሰው ልሳደብ እንዳልመጣሁ እንድታውቁልኝ ነው። ሽበት መቀባት ሁሉ ለታይታ አይደለም። «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ በየአጥሩ እየለጠፍን፣ ሥራ ፈላጊውን የ48 ዓመት ሰው «በዚህ ዕድሜህ ምን ያስቀባሃል?» ማለት አያምርብንም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽበት ያለው ሰው እንፈልጋለን፤ ደመወዝ ሲከፈል ግን ሽበት አንወድም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ለሚታየው እርጅና ገንዘብም ሐሳብም እያወጣን፣ ለሚያስቸግረው እርጅና ሁለቱንም እንነፍጋለን። እኔው ራሴ በደለኛ ስለሆንኩ የቤቴን ጉድ ልንገራችሁ።

አክስቴ የአንኮበር ሰው ናቸው። «እቴቴ» ነው የምንላቸው። አንኮበርን ያየ ሰው ዳገቱን አይረሳውም። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫቸው ያደረጓት ለጠላት ስለማትመች ነው ይባላል። ለጠላት የማይመች ዳገት ታዲያ ለጉልበትም አይመችም። እቴቴ መድኃኔዓለምን ሊሳለሙ ሲሄዱ መንገድ ላይ ሦስቴ ማረፍ ሲጀምሩ ይህን ሁላችንም አየንላቸው፤ ከዘራም ተገዛላቸው።

ያላየንላቸው ሌላውን ነው። ምስር ሲለቅሙ ጠጠር ያመልጣቸው ጀመር። አንድ ቀን የአንዱ ጥርስ ጠጠር ሲያገኘው «እቴቴ፣ እንግዲህ ይረፉ» ተባለና ሰፌዱ ከእጃቸው ተወሰደ። ቀጥሎ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታቸው። የልጅ ልጅ ይጠራሉ፤ ልጁ ኳስ ላይ ነው፤ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ መስፋቱንም ተዉት። እኛም «እርጅና ብቻውን አይመጣም» አልንና ዘጋነው። «ይረፉ» ማለት ለእኛ ማክበር ነበር። ለእሳቸው ግን ከሥራ መባረር ነበር፤ ያውም ያለ ጡረታ።

እናላችሁ፣ ካቻምና እዚሁ ደብረ ብርሃን የዘመድ ልጅ ሰርግ ሆነ። «ቪዲዮ ላይ ይወጣሉ» ተባለና እቴቴ ጸጉር ቤት ተወሰዱ። ዕድሜ ልካቸውን ሻሽ ሲያስሩበት የኖሩት ጸጉር ጥቁር ተቀባ። ሰርጉ ሲደርስ ሻሹ ከላይ ታሰረበት! በማግስቱ ጆሯቸውና ግንባራቸው አበጠ፤ ቆባቸው ዓይናቸውን ሸፈነው። በመልስ ቪዲዮ ላይ የሚታዩት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ነው።

በብዙ ጥቁር የጸጉር ቀለሞች ውስጥ ፓራ ፌኒሊን ዳይአሚን የሚባል ኬሚካል አለ፤ ለአንዳንድ ሰው ከባድ አለርጂ ያስነሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂቱን ክንድ ወይም ከጆሮ ጀርባ ነክቶ 48 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ይህ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ ችግሩ በደቃቅ ፊደል ስለሚጻፍ ለማንበብ መነጽር ይፈልጋል።

ሕክምና ወሰድናቸው። ካርድ ታች፣ ሐኪሙ ሁለተኛ ፎቅ። መደገፊያ የሌለውን ደረጃ በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ደንግጎ ነበር። ለአካል ጉዳተኛ የተመቸ ደረጃ ደግሞ ለአረጋዊም መመቸቱ አይቀርም። ሕንፃው ቀለሙ አዲስ፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ነበር። እዚህም ያው ነው፤ ፊቱ ተቀብቷል፣ ጉልበት ተረስቷል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እብጠቱን ካየ በኋላ «እማማ፣ ያነባሉ?» አላቸው።

«ዳዊት እደግም ነበር፤ አሁን ፊደሉ ይሸሸኛል» አሉት።

ይህንን እኛ ቤት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። መረመራቸው፤ ሞራ የለባቸውም። ጉዳዩ 40 ዓመት ካለፈ በኋላ በሁላችንም ላይ የሚመጣው ነው፤ የዓይን ሌንስ ይደርቅና የቅርቡን ማየት ያስቸግራል። መፍትሔው የንባብ መነጽር ነበር። ዋጋውን ስንጠይቅ ለቀለሙ ከከፈልነው ያንስ ነበር። አፈርን።

ይህ የአንድ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። በህንድ አሳም ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሻይ ለቃሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች ካልተሰጣቸው ይልቅ ምርታቸው ወደ 22 በመቶ የሚጠጋ ብልጫ አሳየ። ሻይ መልቀምና ምስር መልቀም ምን ይለያቸዋል? በእኛ ሰሜን ሸዋ ስንቷ ፈታይ እንዝርቷን፣ ስንቱ ልብስ ሰፊ መኪናውን የተወው እጁ ዝሎ ሳይሆን ዓይኑ እምቢ ብሎት ይሆን?

ታዲያ መነጽር ከመንገድ ገዝቶ መስጠት ብቻውን አይበቃም። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። ትራኮማም በክልላችን ቤተኛ ሆኖ የኖረ በሽታ ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይን ሲወጋ በወረንጦ እየነቀሉ መኖር ሕክምና አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት፣ ከዚያ መነጽር።

ለሽማግሌና ለአሮጊት ስጦታ ስናስብ ጋቢ፣ ሻሽ፣ ብርድ ልብስ እንላለን። ለደብረ ብርሃን ብርድ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን አንድ ጊዜ «ምን አቃተዎት?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ መነጽር ሊሆን ይችላል፤ ሽንት ቤት ውስጥ ተይዞ የሚነሱበት አንድ ቋሚ እንጨት ሊሆን ይችላል፤ በደረጃው ጎን የሚሠራ መደገፊያ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ላይ አይወጣም፤ ቀን ግን ያሳልፋል።

የእኔ ጸጉር ሥሩ እየነጣ ነው፤ ልተወው ወስኛለሁ። እቴቴ መነጽሩን እንዳደረጉ መጀመሪያ ያመጡት መርፌና ክር ነበር። በአንዴ አስገቡት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝና፣ «ውይ ልጄ፣ አንተም አርጅተሃል ለካ!» አሉ። ሰፌዳቸውንም አስመለሱ። ከዚያ ወዲህ ያ ቤት ምስር ውስጥ ጠጠር አላገኘሁም።