ሳማ፦ አረምም ተአምርም አይደለም

ሳማ ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? ብዙዎቻችን የልጅነት ማቃጠሉና ማሳከኩ ነው። በሰሜን ሸዋ ወይም በጎንደር ደጋ ያደገ ሰው ግን ሌላ ነገርም ሊያስታውስ ይችላል፦ ለጋው ቅጠል ተቀቅሎ፣ ከዱቄት ጋር ተማስሎ በእንጀራ የሚበላ የጾም ወጥ።

ስለ ሳማ የሚጻፈው ነገር ግን በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አረም» ወይም «የችግር ጊዜ ምግብ» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ደግሞ «ተአምረኛ ቅጠል» ይለዋል። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

ከመጀመሪያው እንጀምር። «አረም» የዝርያ ስም አይደለም፤ ሰው ባልፈለገበት ቦታ የበቀለ ተክል ማለት ነው። ስንዴ ማሳ ውስጥ የበቀለ ገብስም እኮ ይታረማል። ሳማ ናይትሮጅን የበዛበትን አፈር ስለሚወድ በረትና አጥር ዙሪያ፣ ፍግ በወደቀበት ማሳ ዳር ይበቅላል። በደጋችን የምናውቀው ኡርቲካ ሲመንሲስ የተባለው ዝርያ ደግሞ የኢትዮጵያ ብቻ ነው።

«የችግር ጊዜ ምግብ» የሚለው ስያሜም እውቀትን ይደብቃል። ሳማ ላይ ያሉት ጸጉሮች እንደ ሕክምና መርፌ ይሠራሉ። ጫፋቸው ሲሊካ ስላለበት እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው። ስትነኩት ይሰበርና ሹል ሆኖ ቆዳችሁን ይወጋል፤ ሂስታሚንና አሴቲልኮሊን ያለበት ፈሳሽም ይገባል። ሲቀቀል ግን ይህ መርፌ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ይህን ቀድመው ያወቁት ቤተ ሙከራ ያልገቡ እናቶች ናቸው። እኛ የድህነት ምልክት ስናደርገው ልጆቻቸው ያፍሩበታል፤ ሙያውም አብሮ ይረሳል።

ወደ «ተአምሩ» እንምጣ። አንድ ጽሑፍ 100 ግራም ሳማ ከ100 ግራም ጎመን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ብረት አለው ካላችሁ፣ መጀመሪያ «ደረቅ ነው እርጥብ?» በሉ። እርጥቡ ቅጠል 80 በመቶ ውሃ ነው እንበል። ታዲያ 100 ግራም ደረቅ ዱቄት ለማግኘት 500 ግራም እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል። ደረቁን ሳማ ከእርጥብ ጎመን ጋር ማወዳደር ማለት አምስት ሳህን ከአንድ ሳህን ጋር ማወዳደር ነው። በዚያ ላይ ከዕፅዋት የሚገኝ ብረት ወደ ሰውነት የሚገባው ከሥጋው ባነሰ መጠን ነው። ሎሚ ይረዳዋል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ይቀንሰዋል።

ይህ ሁሉ ሳማን አያሳንሰውም። ብረትና ካልሲየም ያለው፣ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል ጥሩ ጎመን ነው፤ በቃ። ለመወደድ ተአምር መሆን የለበትም። የሳማ ወጥ የሚችል ሰው በቤታችሁ ካለ፣ በዚህ ጾም አሠራሩን ጠይቁና ጻፉት። ስትለቅሙ ግን ጓንት አትርሱ!