ቁልቁለት የሚወድ ጎማ

ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ስስ ጎማ መወጠር ጥድፊያ አይወድም። የለመድኩት አክሪሊክ ቪኤችቢ 4910 የሚባል፣ ለማጣበቂያ የሚሸጥ፣ አንድ ሚሊሜትር የሚወፍር ጥርት ያለ ፕላስተር ነው። በርዝመትም በወርድም ሦስት አራት እጥፍ ስቤ ክፈፍ ላይ እለጥፈዋለሁ። አንዱ ጎን ቀድሞ ከተሳበ እዚያ ላይ ከልክ በላይ ይሳሳል፤ ኤሌክትሪክ ሲገባበት የሚበሳውም በዚያው በኩል ነው። ከበሮ ሠሪ እርጥቡን ቆዳ በጠፍር ሲወጥር ዙሪያውን እየተመላለሰ ጥቂት በጥቂት የሚያጠብቀው እንዲህ ያለውን መዛባት ሸሽቶ ነው። አቧራ ደግሞ ሌላው ጠላቴ ነው፤ በበጋ በላስታ መስኮት ከፍቶ ይህን ሥራ መሥራት ዘበት ነው።

የተወጠረውን ጎማ ሁለቱን ፊት ካርበን ግሪስ እቀባዋለሁ፤ ትምህርት ቤት የምናውቀው ካፓሲተር ሆነ ማለት ነው፣ ይሄኛው ግን ይለጠጣል። ርዝመቱም ወርዱም እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ያድጋል፣ ውፍረቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ በዚያው ቮልት የሚይዘው ቻርጅ 16 እጥፍ ይሆናል። ልክ በተለጠጠበት ሰዓት ከፍተኛ ቮልት ሰጥቼው ምንጩን እቆርጥና እለቀዋለሁ። ሲኮማተር በሁለቱ ፊቶች ያሉት፣ እርስ በርስ የሚሳሳቡት ቻርጆች በግድ ይራራቃሉ፤ ቮልቱ ይወጣል፤ ከሰጠሁት የበለጠ እቀበላለሁ። ትርፉ ከጎታቹ ጡንቻ የወጣ ነው። ሰዓቱን ስቶ ሳይለጠጥ የሞላው ሰው ግን ጀነሬተሩን ሞተር አድርጎት ያርፋል፤ ኤሌክትሪኩ ጎማውን ይገፋለታል።

ኤሌክትሪክ ጎማን እንደሚያስረዝም ሮንትገን ኤክስሬይን ከማግኘቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1880 አሳይቷል። ነገሩ የተነቃቃው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤስአርአይ በተባለው ተቋም የሚሠሩት ፔልሪንና ባልደረቦቹ የደረሱበትን ሳይንስ መጽሔት ላይ ካወጡ በኋላ ነው። እነሱው ተረከዝ ሥር በገጠሙት ጎማ ከአንድ እርምጃ 0.8 ጁል አግኝተዋል።

ይህን ላስታ ውስጥ ወዳለችው ብልባላ ላምጣው። አንድ ሺህ ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ የተራ ስልክ ባትሪ 13 ሺህ ጁል ገደማ ይፈልጋል። ምንም ሳይባክን 16 ሺህ እርምጃ ቢሆን ነው። ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ይህንኑ ረፋድ ላይ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ጎማው ሶላርን ይተካል የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ደጋው የራሱን ዕዳ ይጨምራል። በላሊበላ ከፍታ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሳሳ ያለ አየር ደግሞ ባነሰ ቮልት ብልጭታ ያሳልፋል። ጎማው ደኅና ሆኖ እሳቱ በጠርዙ ዞሮ ይዘላል። ለቆላ አገር የተለካ፣ ግሪስ ያልነካው ህዳግ እዚህ አይበቃም። ብርዱም አክሪሊኩን ያደርቀዋል።

ታዲያ ለምን አልተውኩትም? ቁልቁለት ስላለ ነው። ማክስ ዶኔላንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ጉልበት ላይ የሚታሰር ጀነሬተር ሠርተው ከሁለት እግር አምስት ዋት ያህል አውጥተዋል። ብልሃታቸው ጡንቻ እግሩን ፍሬን በሚይዝበት ሰዓት ብቻ መውሰድ ነበር፤ ስለዚህ ተጓዡ ብዙም አይደክምም። በየእግሩ 1.6 ኪሎ ብረት ግን ማን ይሸከማል? ላስታ ውስጥ ከአምባ የሚወርድ ሰው ጭኑ በየእርምጃው ፍሬን እንደያዘ ነው፤ ያ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቀላልና ልስልስ ያለ ጎማ ጉልበቱ ላይ ቢታሰር የፍሬኑን ሥራ ይጋራል።

ዳገት ላይ ግን ከተጓዥ አንድ ጁል መቀነስ ግፍ ነው። ጎማውን የወደድኩትም እዚህ ላይ ነው፤ ማላቀቂያ ማርሽ አያሻውም። ሽቅብ ሲወጣ ቻርጁን መከልከል ነው። ቻርጅ ያልተሰጠው ሲሊኮን ሲለጠጥ የወሰደውን ጉልበት ሲኮማተር አብዛኛውን ይመልሳል። አክሪሊኩ ግን ብዙውን በሙቀት ስለሚበላው፣ እጄ የለመደውን ፕላስተር ትቼ ወደ ሲሊኮን ልዞር ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያው ቮልት የሚይዘው ቻርጅ ያንሳል።