ሙቀቱ በየት ይወጣል? የግራፊክስ ካርድ ማቀዝቀዣ አመራረጥ

ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥረው ፋን ነው። ባለ ሁለት ካለ ባለ ሦስቱን ይመርጣል፤ ባለ ሦስቱ ከበዛ ደግሞ መብራት ያለውን። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ካርዱን የሚያሳየው በፊቱ በኩል ነው። ነገሩ የገባው ሰው ግን ካርዱን ይገለብጠዋል፣ በጎኑ ያየዋል፣ ቀጥሎ «የሚገባው ምን ዓይነት ኬዝ ውስጥ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የዚህን ጥያቄ መልስ ሳይሰማ «ይሄ ነው ምርጡ» የሚል ሻጭ የሚያውቀው ዋጋውን ብቻ ነው።

ካርዱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 እስከ 450 ዋት ይወስዳል፤ በ2025 የመጣው አርቲኤክስ 5090 ደግሞ 575። ማቀዝቀዣ ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ከቺፑ ላይ አንስቶ ለአየር ያስረክበዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የኬዙ ጉዳይ ነው። ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ምድጃው ቢያምር ምን ይረባል?

ማቀዝቀዣዎቹ በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ናቸው። ብሎወር የሚባለው አንድ ፋን ብቻ አለው፤ ዙሪያው በሽፋን ስለተዘጋ አየሩን በካርዱ ርዝመት ገፍቶ በኋላው ብረት በኩል ከኬዙ ውጭ ይተፋዋል። ክፍቱ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ፋን ይይዝና አየሩን ፊን በሚባሉት ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮዎች ላይ ይነፋል፤ የሞቀው አየር በየጠርዙ ወጥቶ እዚያው ኬዙ ውስጥ ይቀራል። ብሎወር ራሱን ችሎ ያድራል፤ ክፍቱ የኬዙ ጥገኛ ነው።

የትኛው ምን እንደሆነ ለመለየት ማስታወቂያ ማንበብ አያስፈልግም። ካርዱን ወደ ብርሃን ያንሱና ከኬዙ ጀርባ ጋር በብሎን በሚታሰረው ብረት ቀዳዳዎች አጮልቀው ይዩ። በፊኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ወደ ውስጥ ዘልቆ ከታየ አየሩ በዚያ በኩል ይወጣል ማለት ነው። ዓይንዎ አንድ ወጥ ቆርቆሮ ላይ ካረፈ ግን ቀዳዳዎቹ ለጌጥ ናቸው፤ ፊኖቹ በአግድም ስለተደረደሩ ሙቀቱ የሚወጣው ወደ ጎን መስታወቱና ወደ ማዘርቦርዱ ነው። ብዙዎቹ ባለ ሦስት ፋን ካርዶች እንዲህ ናቸው። ጉድለት አይባልም፤ ነገር ግን ገዢው «ከኋላው ቀዳዳ ስላለው ሙቀቱን ወደ ውጭ ያወጣል» ብሎ እንዳይሸወድ ነው።

ብሎወር ስሙ የጠፋው በጩኸቱ ነው። በ2003 የወጣው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ ጆሮ ከመብሳቱ የተነሳ ኤንቪዲያ ራሱ በካርዱ የሚቀልድ ቪዲዮ ሠርቶ ነበር። በ2013 ኤኤምዲ አር9 290ኤክስን ሲያወጣ ካርዱ 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሞቅ ተፈቅዶለት ነበር፤ ያም ሆኖ ይጮኽ ነበር። በ2016 የመጣው የጂቲኤክስ 1080 ብሎወር 180 ዋት ብቻ ስለነበረበት ደህና ይሠራ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት 250 ዋት የሚወስደው 1080 ቲአይ ሲመጣ ግን አቅሙ ጠርዝ ላይ እንደደረሰ ግልጽ ሆነ። በ2018 ኤንቪዲያ ለአርቲኤክስ 20 ተከታታይ ካርዶቹ ወደ ባለ ሁለት ፋን ክፍት ማቀዝቀዣ ዞረ። እኔ ግን ብሎወርን አልንቅም። ሁለትና ሦስት ካርድ ጎን ለጎን ለሚሰኩበት የሬንደር ማሽን ክፍት ካርድ ጥፋት ነው፤ አንዱ የተፋውን ሌላው ይምገዋል። እዚያ ብሎወር አማራጭ የለውም፣ ጩኸቱንም ይቻሉት።

በ2020 ከአርቲኤክስ 3080 ጋር ሦስተኛ መንገድ መጣ። ኤንቪዲያ ሰሌዳውን አሳጠረና የካርዱን ጫፍ ባዶ ፊን ብቻ አደረገው፤ አንደኛው ፋን አየሩን ከታች ስቦ በካርዱ ውስጥ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። በ5090 ይህ ዘዴ ጫፍ ደረሰ። ሰሌዳው መሃል ላይ ተጨምቆ በግራም በቀኝም ያሉት ፋኖች አየሩን ወደ ላይ ያሳልፋሉ፤ በዚህም 575 ዋት በሁለት ስሎት ውፍረት ብቻ ተይዟል። እንደ ምሕንድስና ሥራ ባርኔጣ የሚያስነሳ ነው። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ትኩስ አየር በቀጥታ የሚያርፈው በራሙና በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ላይ ነው። ኬዙ ከላይና ከኋላ ጥሩ ማውጫ ፋን ካለው ችግር የለውም፤ ከሌለው ካርዱ ቀዝቅዞ ፕሮሰሰሩ ይነዳል።

አሁን ወደ ኬዞቹ።

ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፋን ከፊት የሚስብ ተራ ታወር ካለዎት ዕድለኛ ነዎት፤ ማንኛውም ደህና ክፍት ካርድ ይሠራል፣ ለትልቁ ሞዴል የሚጨምሩት ገንዘብ የሚገዛው ጸጥታ ብቻ ነው። እዚህ ገዢውን የሚያስቸግረው ልኬት ነው። የኬዙ ወረቀት «እስከ 360 ሚሊ ሜትር» ይላል፤ ፊት ለፊት ራዲያተርና ፋን ካሰሩ ግን ከዚያ ላይ 55 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀነሳል። አንድ ስሎት 20 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው፤ ሦስት ስሎት ተኩል የሚወፍር ካርድ ከታች ወዳለው የፓወር ሰፕላይ ክዳን ተጠግቶ ፋኖቹ አየር ሲያጡ ብዙ ጊዜ ይታያል። ከፋኑ በታች ቢያንስ የአንድ ስሎት ያህል ክፍተት ይተው። ቁመቱንም አይርሱ። አዲሱ ባለ 16 ፒን ኬብል ከሶኬቱ ወጥቶ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፤ የጎን መስታወቱ ተጭኖ ያጎበጠው ኬብል አደጋ ነው።

ፊቱም ጎኑም መስታወት የሆነው ኬዝ ዛሬ ፋሽን ነው። በዚህ ላይ ፍርዴ ሁለት ዓይነት ነው። ከታች ወደ ላይ የሚነፉ ፋኖች ያሉት ከሆነ ለክፍት ካርድ እንዲያውም ከታወር ሊሻል ይችላል፤ ንጹሑ አየር በቀጥታ ከካርዱ ሥር ይደርሳል። ካርዱን ለዕይታ ብሎ ቀጥ አድርጎ መስታወቱ ላይ የለጠፈው ሰው ግን ለጎረቤት እንጂ ለካርዱ አላሰበም። ፋኑ ከመስታወቱ ሁለት ጣት ካልራቀ የሚስበው ራሱ የተፋውን ነው።

ካርዱና ማዘርቦርዱ ጀርባ ለጀርባ የሚቆሙባቸው እንደ ዳን ኤ4 ያሉ ትናንሽ ኬዞች ላይ ብዙ ሰው ብሎወር ካልሆነ አይሆንም ይላል። ኤ4 በአጠቃላይ 7.2 ሊትር ነው፤ ከሁለት ስሎት በላይም አያስገባም። ነገር ግን የካርዱ ፋኖች ከተበሳው የጎን ቆርቆሮ ጋር ስለሚጋጠሙ በቀጥታ ከውጭ ይተነፍሳሉ፤ ስለዚህ ስስ ባለ ሁለት ፋን ክፍት ካርድ ከተጠበቀው በላይ ይሠራል። የሚቸገረው ያ የተደነቀው አሳላፊ ካርድ ነው፤ የሚያሳልፈው አየር መሃል ካለው ግድግዳ ጋር ይጋጫል።

አገር ቤት የሚያጋጥመው ሌላ ጉዳይ አለ፤ ያገለገለ የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ ገዝቶ ጌም ማጫወቻ ማድረግ። ጠባቡ ሞዴል ከሆነ ቁመቱ ያጠረ ካርድ ብቻ ይቀበላል፣ ተጨማሪ የኃይል ኬብልም የለውም፤ ስሎቱ የሚሰጠው 75 ዋት ነው። ለእንዲህ ያለው እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ አጭር ካርድ ይበቃዋል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ከሰርቨር የወጡ፣ ራማቸው ብዙ ዋጋቸው ርካሽ ካርዶች ይሸጣሉ፤ ቴስላ ፒ40 24 ጊጋባይት አለው። 250 ዋት የሚወስደው ይህ ካርድ አንድም ፋን የለውም፤ የተሠራው የሰርቨሩ ፋኖች እንዲነፉበት ነው። ቤት ውስጥ ያለ ተጨማሪ ፋን የሰካው ሰው ወዲያው ፍጥነቱ ሲወድቅ ያያል።

ኬዙ ከታወቀ በኋላ የእጅ ሥራው ይታያል። ካርዱን በጎኑ ይዩት። ሂት ፓይፖቹ ከፊኖቹ ጋር የተገናኙበት ቦታ ላይ ብየዳው ንጹሕ ነው ወይስ ፊኑ በግፊት ብቻ ተሰክቷል? በጣት ቀስ ብለው ሲነኩት የሚንቀጫቀጭ ፊን መጥፎ ምልክት ነው። ቺፑ ላይ የሚያርፈው ክፍል ወጥ መዳብ ወይም ቬፐር ቻምበር ሲሆን ሙቀቱ ለሁሉም ፓይፕ ይዳረሳል፤ ፓይፖቹ ራሳቸው ተሞርደው ቺፑን የሚነኩበት ርካሽ አሠራር ላይ ግን ዳር ያሉት ፓይፖች ቺፑን ጨርሶ ላይነኩት ይችላሉ። «ስድስት ሂት ፓይፕ» የሚለው ጽሑፍ ስንቱ እንደሚሠራ አይናገርም። ራሞቹና የኃይል ክፍሎቹም ቴርማል ፓድ ለብሰው ከሂትሲንኩ ጋር መገናኘት አለባቸው። ያገለገለ አርቲኤክስ 3090 የሚገዛ ሰው ይህን በተለይ ይጠይቅ፤ የካርዱ ራም ግማሹ ጀርባው ላይ ነው፤ የጀርባው ብረት በደህና ፓድ ካልተገናኘ ፊቱ ቀዝቅዞ ጀርባው ከመቶ ዲግሪ ያልፋል።

ውድ ነገር ሁሉ እንከን የለሽ ነው ማለትም አይደለም። ኤኤምዲ በ2022 መጨረሻ አርኤክስ 7900 ኤክስቲኤክስን ሲያወጣ አንዳንዶቹ ካርዶች 110 ዲግሪ ይደርሱ ነበር። በኋላ ኩባንያው እንዳመነው በቬፐር ቻምበሩ ውስጥ የተሞላው ውሃ አንሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያጋልጠው በቺፑ አማካይ ሙቀትና በሆት ስፖቱ፣ ማለትም ከሁሉ በሚሞቀው ነጥብ፣ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ጤናማ ነው፤ ከ25 ካለፈ ማቀዝቀዣው በደንብ አልተጋጠመም፣ ወይም ፔስቱ ደርቋል።

የውሃ ማቀዝቀዣ ያለውን ካርድ በአጭሩ ልለፈው፦ ራዲያተሩን የሚያስሩበት ቦታ ካለዎት ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ፓምፑ ሲያረጅ ግን ማቀዝቀዣው ሁሉ ይሞታል።

ድምፅን በቁጥር ብቻ አይመዝኑ። እኩል የሚጮኹ ሁለት ካርዶች አንዱ እንደ ነፋስ ሆኖ ይረሳል፣ ሌላው እንደ ትንኝ ይነዘንዛል። በተለይ ሥራ ሲቀል ፋናቸውን የሚያቆሙ ካርዶች ላይ አንድ ነገር ያዳምጡ፦ ፋኑ በየደቂቃው ተነስቶ የሚቆም ከሆነ የፋን መቆጣጠሪያውን ያዘጋጀው ሰው ቸኩሏል። በደንብ የተሠራው ከተነሳ በኋላ ካርዱ በቂ ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ አይቆምም።

አዲስ አበባ ያለ አንባቢ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለበት። ካርዶች የሚሞከሩት አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቁ ከተሞች ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ በግምገማ ላይ «በጭንቅ ይበቃል» የተባለ ትንሽ ማቀዝቀዣ እዚህ አይበቃም። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለው ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለበት፤ አየሩ ወፍራም ቢሆንም ክፍሉ ሞቃት ነው፣ የክፍሉ እያንዳንዱ ዲግሪ ከሞላ ጎደል እንዳለ ካርዱ ላይ ይጨመራል። አቧራውም አለ። ብሎወር አቧራውን ሽፋኑ ውስጥ ደብቆ ስለሚያከማች ሳይፈቱት አይጸዳም፤ ክፍቱን በብሩሽ ያጸዱታል። ፋኑ በአንድ ብሎን ወልቆ የሚወጣ ካርድ ካገኙ፣ ሳፋየር በ2016 በናይትሮ ፕላስ አርኤክስ 480 ላይ እንዳደረገው፣ ሠሪው ስለ ጥገናው አስቧል ማለት ነው። ሲያጸዱ ፋኑን በጣት ይያዙት፤ በአየር ግፊት በኃይል የሚሽከረከር ፋን ኩስኔታው ይበላሻል።

ካርዱ ከተገጠመ በኋላ የሚቀረው አንድ ፈተና ነው። ከባድ ጌም ወይም ሬንደር ግማሽ ሰዓት ያሠሩትና ዲግሪውን ይመዝግቡ፤ ከዚያ የጎኑን ክዳን ከፍተው በዚያው ሥራ እንደገና ይለኩ። ሙቀቱ በሦስት በአራት ዲግሪ ብቻ ከወረደ ኬዙ ደህና ነው፤ ቅሬታ ካለዎት ከማቀዝቀዣው ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ከወረደ ታፍኖ የነበረው ካርዱ ነው፤ ሌላ ካርድ ቢገዙም ያው ነው፣ የሚጨመረው የኬዝ ፋን ነው። ፋን መጨመሪያ ቦታ ከሌለ በሶፍትዌር የካርዱን የኃይል ጣሪያ ይቀንሱ። 4090ን የመሰለ ካርድ ከ450 ወደ 350 ዋት ሲወርድ በጌም ላይ የሚያጣው ፍጥነት ጥቂት ነው፤ ኬዝ ከመቀየርም ካርድ ከመመለስም በፊት ይህ ይሞከራል፤ ገንዘብም አያስወጣም።