የቆላው ልጅ ምን ያንብብ? ስለ ሕፃናት መጻሕፍት ምርጫ አንዳንድ ነጥቦች

ለሕፃናት የሚሆን መጽሐፍ መምረጥ ቀላል ሥራ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሥዕል ካለበት፣ ፊደሉ ጎላ ጎላ ካለ፣ መጨረሻው ላይም ምክር ከሰፈረ ለልጅ ይሆናል ተብሎ ከዝርዝር ይገባል፤ ከዝርዝሩም ወደ መደርደሪያው ይወጣል። ከዚያ በኋላ መነበቡን የሚጠይቅ የለም። በዓመቱ መጨረሻ በሪፖርት የሚሰፍረው የመጻሕፍቱ ብዛት እንጂ የአንባቢው ሁኔታ አይደለምና። እዚህ ላይ ጥያቄውን ከሌላው ጫፍ ማንሣት እፈልጋለሁ። አንድ የታወቀ ስፍራ ይዘን፣ ማለትም ሸዋ ሮቢትንና የይፋትን ቆላ፣ በዚያ የሚያድግ ልጅ ወደ ቤተ መጻሕፍት ቢገባ ምን ሊያገኝ ይገባዋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን ሲሻገር ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ይወርድና፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ መንገደኛ እዚህ ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ገብሱና ባቄላው ቀርቶ ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ ይተካል፤ ግመል በመንገዱ ዳር ያልፋል። የዚህ አገር ልጅ ማሽላው እሸት በያዘ ጊዜ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እየወነጨፈ ግሪሳ ይከላከላል፤ ጥንቅሽ ይመጣል፤ በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ሲገበያዩ እያየ ያድጋል። ታዲያ ይህ ልጅ የአማርኛ መጽሐፍ ሲከፍት የሚያገኘው ዓለም የማን ነው? ሐቁን ለመናገር፣ በአመዛኙ የደጋው ነው። ጭጋጉ፣ የምድጃው ዳር፣ የገብሱ አውድማ ነው። ደጋው በመጻፉ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ ቆላው ስላልተጻፈ ነው። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ከወፍ ጋር ሲሟገት የሚያሳይ አንድ ገጽ እንኳ ያላየ አንባቢ፣ መጽሐፍ ማለት ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ዕቃ ነው ብሎ ቢደመድም ሊፈረድበት አይገባም።

የሕፃናት ሥነ ጽሑፋችን ባዶ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከይፋት ጎረቤት ከቡልጋ የተነሡት ተስፋ ገብረ ሥላሴ አሳትመው ያሠራጩት የፊደል ገበታ ስንት ልጅ እጅ እንደ ገባ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ፊደል የለየው ልጅ ቀጥሎ የሚያነበውን ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» አቀረቡለት። ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር» ከመታተሙ አሥር ዓመት ቀድመው፣ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን ለንባብ አብቅተው ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ለዛሬው ጉዳያችን የበለጠ የሚያስተምረን የከበደ ሚካኤል ሥራ ይመስለኛል። ከታሪኮቹ ብዙዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ቢሆኑም በአማርኛ ስንኝ ስለ ታሰሩ ልጁ እንግድነታቸው አይሰማውም። መጽሐፉን ከዘጋም በኋላ ቃሉ በጆሮው ይቀራል። በዚያ መጽሐፍ የተማሩ አዛውንት ዛሬም በቃላቸው የሚወጡት ለዚህ ነው። ከእርሳቸው ወዲህ ከመጡት ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ግን ስንኙን ትተው ምክሩን ብቻ ወረሱ። ስለዚህም ታሪኩ በጦጣ ይጀምርና በስብሰባ ያበቃል። ጦጣዋ ትገመገማለች፣ ጥፋቷን ታምናለች፣ አንበሳው መመሪያ ይሰጣል።

እንግዲህ ለልጅ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ያንብበው። ለመድረክ የሚጽፍ ሰው ይህን በግድ ይማረዋል፤ ተዋናዩ በአንድ ትንፋሽ ሊለው ያልቻለው ዐረፍተ ነገር በማግስቱ ይሠረዛል። ለምሳሌ ያህል ራሴ የሠራሁትን ላቅርብ። «ጦጣዋ በፈጸመችው ያልተገባ ድርጊት እጅግ በመጸጸት ይቅርታ ለመጠየቅ ወሰነች» ብሎ የሚጽፍ አለ። «ጦጣዋ አፈረች። ጅራቷን ይዛ ዝም አለች» ብሎ የሚጽፍም አለ። የመጀመሪያው ከጽሕፈት ቤት የወጣ ነው። ሁለተኛውን የሰማ ልጅ ጦጣዋን ያያታል፤ ለምን እንዳፈረችም ራሱ ይናገራል። ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሁላችን አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ሲተርኩ የኖሩት የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ተረት ድምፅና ፊት እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ትውልድ አሁን የልጆች ወላጅ ሆኗል። ይሁንና ከዚያ ትውልድ ስንቱ ለልጁ ጮክ ብሎ ያነባል ብሎ መጠየቅ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲነሣ የአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሥራ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይችልም። እኒህ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሲሠሩ ከብዙ ቋንቋ መጻሕፍት መካከል የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ያጣሉ። ስለዚህም የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በአዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። የተረቱ ምርጫ ራሱ ሊመሰገን ይገባዋል። ማሞ ቂሎ ሰነፍ ወይም ዐመፀኛ ልጅ አይደለም፤ እናቱ የነገረችውን አንድ በአንድ የሚፈጽም ታዛዥ ነው። ጥፋቱ ትናንት ለአንዱ ዕቃ የተነገረውን ምክር ዛሬ ለሌላው ማዋሉ ነው። አድማጮቹ ልጆች ገጹ ሳይገለጥ የሚመጣውን ጥፋት ያውቁታል፤ ሳቃቸውም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በምክር ከተጨናነቀው መደርደሪያችን ላይ፣ ያለ ቦታው የዋለ ምክር የሚሣቅበት ተረት ቢያንስ አንድ መኖሩ ደግ ነው።

በሌላ በኩል የሾላው መደርደሪያ በአብዛኛው የተሞላው ከአሜሪካ በመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። ያን ጊዜ ሌላ ምንጭ ስላልነበረ ነቀፋ አይገባውም። ነቀፋ የሚገባው ዛሬም በካርቶን የመጣ የባሕር ማዶ ስጦታ ተቆጥሮ ሲገባ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው ነው። ልጁ ሥዕሉን ይገልጣል፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ልጅ ያያል፤ ይዘጋል። እንግሊዝኛ አይማር አልልም። ገና ፊደል እያጣመረ ያለ ልጅ ባልገባው ቋንቋ ንባብን ይወዳል ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልሳቤጥ ላይርድ በ1990 ዓ.ም. ግድም በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ በየክልሉ እየዞሩ ከተራኪዎች አፍ ተረት ሰብስበው ነበር፤ የአፋርም ተረቶች በስብስቡ አሉ። ተረቶቹ ለንባብ ልምምድ ተብለው በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፈው ታተሙ። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በሰንበቴ ገበያ ከአፋሩ ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋው የሸዋ ሮቢት ልጅ የጎረቤቱን ተረት ለማግኘት በለንደን በኩል ዞሮ መምጣት አለበት ማለት ነው። ከአፋርኛ በቀጥታ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ አፋርኛ የሚመልስ መምህር በአካባቢው ጠፍቶ ነውን?

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ ብዙ ቤቶች ተቃጠሉ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘጋ። እነዚህን ዓመታት ያለፈ ልጅ ስለ ጎረቤቱ ብዙ ሰምቷል፤ የሰማው ግን በአመዛኙ በፍርሃት የተነገረ ነው። በአፍ ከሚነገሩት ቀልዶቻችን መካከል ጎረቤትን ሞኝ ወይም ጨካኝ አድርገው የሚያስቁ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጨዋወቱ የሚቀለድበት ሰው አጸፋውን ይመልሳል፤ ቀልዱም በሳቅ ያልፋል። ታትሞ ለልጅ ሲሰጥ ግን አጸፋ የሚመልስ የለም፤ ቀልዱ ፍርድ ይሆናል። እንደዚህ ያለው ነገር ከልጆች ዝርዝር ይውጣ ባይ ነኝ። ሳንሱር ነው የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ለአጥኚው በአዋቂዎች ክፍል ይቀመጥለት፤ የልጆቹ መደርደሪያ ጠባብ ነውና እያንዳንዱ ስንዝር ሊታሰብበት ይገባል።

ለዚያ ስንዝር የሚሆን ገና ያልተጻፈ ስንት ነገር አለ! በይፋት ሸንተረሮች ላይ ያሉት የኖራና የአስባሪ ፍርስራሾች የመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ቅሪቶች ናቸው፤ በድንጋይ የታነጹ መስጊዶቻቸው ስለ ከተሜነታችን ታሪክ ይመሰክራሉ። የስምንት ዓመት ልጅ በሚገባው አማርኛ ማን ጻፋቸው? በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰውና ካራቆሬን ክፉኛ የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥስ? ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አያት ናቸው፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ ከብቱ ምን እንዳደረገ፣ ሌሊቱን የት እንዳደሩ ይናገራሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ለልጆቹ ደብተርና እርሳስ ሰጥቶ ወደ አያቶቻቸው ቢልካቸው፣ ያመጡትንም አርሞ፣ በሥዕላቸው አስጊጦ፣ ሰፍቶ ከታተሙት መጻሕፍት ጎን ቢያቆመው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ እጅ የሚነካካው መጽሐፍ እርሱ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

በበዓል ቀን ልጆችን ነጭ አልብሶ፣ አዋቂ የጻፈውን ግጥም በጩኸት ማስነብነብ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ተብሎ ሲነገር ግን እሰጋለሁ። ግጥም ጸሐፊ እንደ መሆኔ ግጥም መነበቡን አልጠላም። ልጁ ያልገባውን ቃል እየጮኸ ታዳሚው ሲያጨበጭብለት ግን የሚማረው ጩኸቱን ነው። ከዚህ ይልቅ እንቆቅልሹ ይሻላል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ ይጀምራል፤ መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፤ ጠያቂው እምቢ ካለ ሐረርን ይጨምራል፤ ድርድሩ ከጥያቄው የበለጠ ያስቃል። የኢትዮጵያ ካርታ ግድግዳው ላይ ቢሰቀልና የሚሰጠውን አገር በጣቱ እንዲያሳይ ቢደረግ፣ አንድም ሳንቲም ሳይወጣበት ጆግራፊ ይማራል። የራሱን ከተማ የሚሰጥ ልጅ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የሚቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ቀላል መስሎ ሁሉን የሚያበላሸውም እርሱ ነው። የመሥሪያ ቤት ሰዓት ተከትሎ የሚከፈትና የሚዘጋ ቤተ መጻሕፍት ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገበሬውን ያስተማረው እርሻው በሚፈቅድለት ጊዜ ነበር። ማሽላው እሸት በያዘባቸው ሳምንታት ግሪሳው የሚበረታው ጧትና ወደ ማታ ነው፤ በቀትሩ ሐሩር ወፉም ልጁም ጥላ ይፈልጋሉ። እንግዲያው የንባቡ ክፍል በእነዚያ ሳምንታት በምሳ ሰዓት አይዘጋ። ማሳው ከከተማ ከራቀም በአዋሳ አህያ የሠራችውን ሥራ እዚህ ግመል ልትሠራው ትችላለች፤ ግመልም ባትገኝ አሥር መጽሐፍ በአንድ ከረጢት ከማማ ወደ ማማ ይዞር፤ የመጨረሻው ልጅ እሑድ ለገበያ ሲመጣ ይመልሰዋል።